እናትን የመጦር ሂሳብ፦ መንግሥት ወጪውን የሚቆርጠው የት የት ላይ ነው?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፣ ከሲያትል

ሲያትልና አካባቢው ካለን ሐበሾች ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ ተቋም)፣ አዳልት ፋሚሊ ሆም (ጥቂት ሰዎች የሚጦሩበት መኖሪያ ቤት) ወይም ሰው ቤት ሄዶ አረጋዊ የሚንከባከብ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። እኔም ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለት በኩል ይመጣብኛል። አንዱ ከሠራተኛው፣ ሌላው እናቱን አስመጥቶ እቤቱ ከሚጦረው። ከታች ያሉት ቡና ላይና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደጋግመው የሚጠየቁኝ ናቸው። አብዛኛው «መንግሥት ለምንድነው…» ብሎ ይጀምራል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፔይ ስታቤ (የደሞዝ ወረቀቴ) ላይ «ደብሊውኤ ኬርስ» የሚል አለ። ምን እያስከፈሉኝ ነው?

የስቴቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ነው፤ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 58 ሳንቲም። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከሚሠራ ሰው ደሞዝ ይቆረጣል። በወር 4,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው 23 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሄድበታል ማለት ነው።

ሕጉ የወጣው በ2019 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ሲደክም ቀጥታ ሜዲኬይድ (መንግሥት ለድሃ የሚከፍልበት የጤና ፕሮግራም) ደጃፍ ከመቆሙ በፊት የራሱ ትንሽ ስንቅ ይኑረው። ስንቁ ለዕድሜ ልክ 36,500 ዶላር ነው፤ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው። የሚከፈለው ከጁላይ 2026 ጀምሮ ነው። ለማግኘት በዓመት ቢያንስ 500 ሰዓት እየሠሩ 10 ዓመት መክፈል፣ ወይም ካለፉት 6 ዓመታት 3ቱን መክፈል ያስፈልጋል። ከ1968 በፊት የተወለደ ሰው ደግሞ ለከፈለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶውን ያገኛል።

በ2021 የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። «የግል ኢንሹራንስ ያለው ነፃ ነው» ሲባል ሰው ተንጋግቶ ኢንሹራንስ ገዛ። ኩባንያዎቹ ጎርፉን አልቻሉትምና ሽያጭ አቆሙ። ብዙ መቶ ሺህ ሰው፣ በተለይ ደህና ደሞዝ ያለው፣ በዚያ በር ወጣ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ «ክፍያው በፈቃደኝነት ይሁን» የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወደቀ። መውደቁ ደግ ነው እላለሁ። ከዕቁብ ላይ ጤነኛውና ሀብታሙ ከወጣ ዕጣው የሚደርሰው ባዶ ሣጥን ላይ ነው።

36,500 ዶላር ምን ይገዛል?

ነርሲንግ ሆም ከሆነ ብዙም አይገዛም። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ዓመት ነርሲንግ ሆም ከ110,000 ዶላር በላይ ስለሆነ አራት ወር አይሞላም። ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ሰው በሰዓት 35 ዶላር ቀጥራችሁ ሳምንት 20 ሰዓት ቢመጣ አንድ ዓመት ያህል ያስኬዳል። ያ አንድ ዓመት ደግሞ ልጅ ሥራዋን እንዳትለቅ ያደርጋል። የስቴቱም ስሌት እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ሜዲኬይድ ሳይደርስ በቆየ ቁጥር በጀቱ ይተነፍሳል።

ሜዲኬር አለ አይደል? ዕድሜ ልኬን ከፍዬ!

ይህ ስንቱን ቤት እንዳሳዘነ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንሱ፣ ለሕክምና እንጂ ለመጦሪያ ቤት አይከፍልም። ሆስፒታል ቢያንስ 3 ቀን ተኝቶ ለወጣ ሰው፣ ለማገገሚያ፣ ቢበዛ 100 ቀን ነርሲንግ ሆም ይሸፍናል። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ነፃ ናቸው። ከ21ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከ200 ዶላር በላይ ድርሻ አለባችሁ። ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ብቻ ከሆነ የቀረው ፍላጎት ሜዲኬር የለበትም።

ታዲያ የሚከፍለው ማነው?

ሜዲኬይድ። ለድሃ ተብሎ በ1965 የተቋቋመው ፕሮግራም ነው ሳይታሰብ የአገሪቱ ዋና ጧሪ የሆነው። ከተጠቃሚዎቹ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ ከወጪው ግን ሲሶ ያህሉን ይወስዳሉ። ዋሽንግተን ከእያንዳንዱ ዶላር ግማሽ ያህሉን ከራሷ ካዝና ታወጣለች። ስቴት ደግሞ እንደ ፌዴራሉ በጀት አጉድሎ መኖር አይችልም። ኢኮኖሚ ሲወድቅ መጀመሪያ መቀስ የሚነሳው ወደዚህ ነው።

«2,000 ዶላር» ሲባል እሰማለሁ። እናቴ ያላት ሁሉ ማለቅ አለበት?

ለብቻው ያለ ሰው በአብዛኛው ስቴት፣ እዚህም ጭምር፣ ሊኖረው የሚችለው ጥሪት 2,000 ዶላር ነው። ቁጥሩ ከ1989 ወዲህ አልተነቃነቀም። የዋጋ ንረቱ ብቻውን ማጥለያውን በየዓመቱ ያጠብበዋል፤ ማንም እጁን አውጥቶ ሳይቃወም። ባልና ሚስት ከሆኑ በ1988 የወጣ ሕግ ቤት የሚቀረውን ወገን ባዶ እጁን እንዳይቀር ይከላከላል። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪናም አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠሩም።

ነርሲንግ ሆም የገባ የሜዲኬይድ ተጠቃሚ የወር ገቢውን በሙሉ ማለት ይቻላል ለነርሲንግ ሆሙ ይከፍላል። ለኪሱ እንዲተውለት ፌዴራሉ የሚያስገድደው በወር 30 ዶላር ነው። ስቴቶች ከዚያ በላይ መተው ይችላሉ፤ ዋሽንግተንም ትተዋለች።

ገንዘቧን ቀድመን ብንከፋፈለውስ? ቤቱንም በስሜ ባዞረው?

ቆም በሉ። ነርሲንግ ሆም የሚገባ ሰው ሲያመለክት ያለፉት 60 ወራት ይታያሉ። ድሮ 36 ወር ነበር፤ በ2006 የተፈረመው ሕግ ወደ አምስት ዓመት አሳደገው። በነፃ የተሰጠው ገንዘብ ለአንድ ወር የነርሲንግ ሆም አማካይ ዋጋ ይካፈልና ያን ያህል ወር ይቀጣሉ። 50,000 ሰጥታችሁ የወሩ ዋጋ 10,000 ቢሆን፣ አምስት ወር ሜዲኬይድ አይከፍልም።

የእኛ ሰው የሚያዝበት ሌላ ቦታ ነው። ለወንድም ልጅ ሰርግ፣ ለዘመድ ቤት መሥሪያ፣ ለደብሩ ጣሪያ ወደ አገር ቤት የተላከው ብር ሁሉ ስጦታ ሊባል ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ቤትም ሀብት ነው፤ መናገር ግዴታ ነው። «እዛ ያለውን በምን ያውቃሉ?» የሚል አጎት አይጠፋም። የውሸት ፎርም ፈርሞ መገኘት ከአምስት ወር ቅጣት የከፋ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። ልጅ ከእናቷ ጋር እዚያው ቤት ቢያንስ ሁለት ዓመት ኖራ፣ በእሷ እንክብካቤ እናትየው ነርሲንግ ሆም ሳትገባ መቆየቷ ከተረጋገጠ፣ ቤቱ ያለ ቅጣት ወደ ልጅቷ ሊዞር ይችላል። የፌዴራል ሕግ ነው። ማስረጃው ግን በጊዜው መያዝ አለበት፦ የሐኪም ደብዳቤ፣ አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት። ጠበቃ የምትከፍሉት እዚህ ላይ ይሁን።

እናቴ ስታርፍ ቤቱን ይወስዱታል?

ሊጠይቁበት ይችላሉ። ከ1993 ጀምሮ ስቴቶች ሰው 55 ዓመት ከሞላው በኋላ ለተሰጠው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ያወጡትን ከውርሱ ላይ እንዲያስመልሱ ይገደዳሉ። የትዳር ጓደኛ በሕይወት ካለ፣ ከ21 ዓመት በታች ወይም አካል ጉዳተኛ ልጅ ካለ ይጠብቃሉ። ሲሰላ ለመንግሥት የሚመለሰው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ኢምንት ነው። የሚከፍሉትም ሀብታሞች አይደሉም፤ እነሱ ቀድመው ጠበቃ ይዘዋል። አንዲት ትንሽ ቤት ያለቻቸው ቤተሰቦች ናቸው።

መንግሥት ሰው ቤቱ እንዲጦር የሚገፋፋው አዝኖልን ነው ወይስ ርካሽ ሆኖለት?

ሁለቱም። ሰው ቤቱ መሆን ይፈልጋል፣ በነፍስ ወከፍም ይረክሳል። ጣጣው ሌላ ነው። ነርሲንግ ሆም በነፃ ቢሰጥም ሰው አይሻማበትም። ቤትህ ሰው ልላክልህ ሲባል ግን፣ እስከዛሬ በልጁና በሚስቱ ሲጦር የነበረው ሁሉ «እኔስ?» ይላል። የበጀት ሰዎች የሚፈሩት ይህንን ነው።

ሕጉም ከሥሩ የተዛነፈ ነው። ነርሲንግ ሆም መክፈል ለስቴት ግዴታ ነው፤ ቤት ውስጥ መርዳት በአብዛኛው ምርጫ። በ1981 ኮንግረስ ለቤት እንክብካቤ ልዩ ፈቃድ ከፈተ፤ ግን ወጪው ከነርሲንግ ሆም እንዳይበልጥ፣ ስቴቱም የሰው ቁጥር መገደብ እንዲችል አድርጎ። ለዚህ ነው በየስቴቱ ወረፋ ያለው። ዛሬ በአሜሪካ ከ600,000 በላይ ስም ዝርዝር ውስጥ ነው፤ አብዛኛው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ናቸው።

ዋሽንግተን የተሻለ መንገድ ይዛለች። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሰውን ከነርሲንግ ሆም እያወጣች ወደ ቤትና ወደ አዳልት ፋሚሊ ሆም ስታዞር ቆይታለች። እስከ 6፣ በተጨማሪ ፈቃድ እስከ 8 ሰው የሚይዘው መደበኛ መኖሪያ ቤት ማለት ነው፤ ከነዚህ ስንቶቹ የሐበሻ እንደሆኑ ሠፈሩን ዞር ዞር ያለ ያውቃል። በ2015 ደግሞ ኮሚዩኒቲ ፈርስት ቾይስ ወደሚባለው የሜዲኬይድ የቤት እንክብካቤ አማራጭ ገባች። በሱ ወረፋ ማስጠበቅ ክልክል ነው። በምትኩ ፌዴራሉ ድርሻውን በ6 መቶኛ ነጥብ ይጨምርላታል።

ጥሩ ነው። ግን በር መዝጋት ካልተቻለ መቀነሻው ምን ይሆናል? ለተንከባካቢ የሚከፈልበት ሰዓት።

ለጎረቤቴ እናት ብዙ ሰዓት ሰጥተው ለእናቴ ለምን ቀነሱባት?

ይህን ከሁሉም በላይ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው።

ኬዝ ወርከሯ፣ የስቴቱ ገምጋሚ፣ ቤት ትመጣለች። ላፕቶፗን ትከፍታለች። ባለፉት 7 ቀናት ማን ምን እንደረዳ ትጠይቃለች፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ሽንት ቤት፣ ከአልጋ መነሳት። መልሱ ነጥብ ይሆናል፣ ነጥቡ ደረጃ ይሆናል፣ ደረጃው በወር ይህን ያህል ሰዓት ይሆናል። ማንም በጀት ሲል አትሰሙም። በጀቱ ግን እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው።

የእናቴን ልንገራችሁ። በዋዜማው ነጠላዋን አሳጥባ፣ ቤቱን አስጠርጋ፣ ዕጣን አስጨሳ ጠበቀች። እንግዳ ነው የሚመጣው።

«እማማ፣ ራስዎ ይታጠባሉ?»

«እንዴታ!»

በዚያ ሳምንት ሁለቴ ያጠብኳት እኔ ነኝ።

«ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱስ?»

«ተመስገን፣ ምንም አይለኝም።»

ሦስት ሳምንት አልሆናትም ኮሪደሩ ላይ ከወደቀች። ይባስ ብላ ጠረጴዛውን ይዛ ተነሳችና «ቡና ላፍላላት» አለች። ሴትየዋ ያየችውን ጻፈች፤ አልፈርድባትም። ሲሄዱ እናቴን ተቆጣኋት። «ታዲያ እንግዳ ፊት ገመናዬን ላውጣልሽ?» አለችኝ። የመጣልን ሰዓት ከጠበቅነው በጣም ያነሰ ነበር።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ምግቡን ማን ይሠራላቸዋል? ገበያ ማን ይሄዳል?» ትባላላችሁ። «እኔ» ትላላችሁ፤ ሌላ ማን ሊል ነው? በነፃ የሚሠራ ሰው ካለ ሰዓቱ ላይ ይቀነሳል። ልጅቷ በጎ በሆነች ቁጥር ስቴቱ ይቆጥባል። ድሮማ ይብስ ነበር። ተንከባካቢው አብሯቸው የሚኖር ከሆነ ሰዓቱን በጅምላ 15 በመቶ የሚቀንስ ደንብ ነበር። በ2007 የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ያፈረሰው። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላም፣ በ2011 መጀመሪያ፣ የሁሉም ሰው ሰዓት በአማካይ 10 በመቶ ያህል ተቆረጠ። እናቶቹ ያን ዓመት 10 በመቶ አልተሻላቸውም። ያ ሰዓት ወደ ልጆቹ ሄደ።

በውሳኔው ካልተስማማችሁ ይግባኝ አለ፤ ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ሁኔታዋ ከተለወጠም አዲስ ግምገማ መጠየቅ ይቻላል። እኛ ያደረግነው እሱን ነው።

እናቴን ስንከባከብ ለእኔ ይከፈለኛል?

እዚህ ስቴት ለልጅ ይከፈላል። ሥልጠና ወስዳችሁ፣ ጀርባችሁ ተጣርቶ ትቀጠራላችሁ። ዘመድ ሲከፈለው ወጪ ይጨምራል የሚሉ አሉ። የባሰ ወጪ የሚያመጣው ግን ልጅ አቅቷት እናትየው ነርሲንግ ሆም ስትገባ ነው።

ለምንድነው ስገባና ስወጣ ስልክ የምነካው? ሌባ ነኝ?

በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ሜዲኬይድ የሚከፍለው የቤት ሠራተኛ የት እንዳለ፣ ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደወጣ በኤሌክትሮኒክ መመዝገብ አለበት። ያልተሠራ ሰዓት የሚያስከፍል ሰው አልነበረም አልልም። ነበረ። ግን ፓርኪንግ ፍለጋ 10 ደቂቃ የሚዞረው፣ ሲግናል በሌለበት ምድር ቤት ስልኩን ሽቅብ ይዞ የሚቆመውም እሱው ነው። አንድ ቤት አብሮ የሚኖር ተንከባካቢን ከዚህ ነፃ ማድረግ ለስቴቶች ተፈቅዷል፤ ጠይቁ።

እናቴ የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው፤ ግሪን ካርድ አላት።

ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለፌዴራሉ ሜዲኬይድ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ይህም የወጪ መቆጣጠሪያ ነው፤ ከሁሉም ጭፍኑ። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገቡ ነፃ ነበሩ። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ እስኪይዙ ያስወጣቸዋል። ስለዚህ ግሪን ካርዱን አታዘግዩ። ዋሽንግተን ዜግነት ለሌላቸው በራሷ ገንዘብ የምትከፍልበት ትንሽ ፕሮግራም አላት፤ ቦታው ግን የተቆጠረ ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት ቻሉት?

ማንም «ቻለ» አይባልም፤ የቆረጡበት ቦታ ይለያያል።

ጀርመን በ1995 አስገዳጅ የእንክብካቤ ኢንሹራንስ ጀመረች። ብልሃቷ ሙሉ ወጪን አለመሸፈኗ ነው። እንደ ድካሙ ደረጃ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ትሰጣለች፤ ቀሪው የቤተሰቡ ነው። ሠራተኛ ከሚላክላችሁ ጥሬ ገንዘቡን እንውሰድ ካላችሁ ከግማሽ በታች ይሰጣችኋል። ብዙ ቤተሰብ ግን ገንዘቡን ይመርጣል፤ ልጅ ወይም ሚስት ትጦራለች፣ ኢንሹራንሱም ይቆጥባል። እንዲያም ሆኖ መዋጮው ከደሞዝ 1 በመቶ ተነስቶ በ2025 3.6 በመቶ ደርሷል፤ ልጅ የሌለው ሰው 0.6 ይጨምራል።

ጃፓን በ2000 ስትጀምር ይህንኑ ክርክር ተከራከረች። ጥሬ ገንዘብ ከተሰጠ ምራት ቤት ተቀምጣ ትቀራለች ብለው የተሟገቱት ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ ለቤተሰብ ገንዘብ የለም፤ አገልግሎት ብቻ። ውድ ነው። መዋጮው ከ40 ዓመት ዕድሜ ይጀምራል፤ ተጠቃሚው ከዋጋው 10 በመቶ ይከፍል የነበረው ገቢው ደህና ለሆነ ሰው በ2015 ወደ 20፣ በ2018 ወደ 30 ከፍ ብሏል።

ሆላንድ ከሁሉም ቀድማ፣ በ1968፣ ነው ለሁሉም ሰው የሚሆን የእንክብካቤ ኢንሹራንስ ሕግ ሥራ ላይ ያዋለችው። በ2015 ቤቱ ላለ ሰው የሚሰጠውን የዕለት ተዕለት ድጋፍ ከተቀነሰ በጀት ጋር ለማዘጋጃ ቤቶች አወረደችው። ማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጆችዎ የት ናቸው?» ነው።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የብቱዋህ ሌኡሚን (የብሔራዊ ኢንሹራንሱን መሥሪያ ቤት) ገምጋሚ ታውቁታላችሁ። ከ1988 ጀምሮ እንደ ድካሙ ደረጃ በሳምንት የሰዓት ቁጥር ይሰጣል። የሲያትሏ ጠረጴዛ እዚያም አለች።

ለግምገማው ቀን ምን ላዘጋጅ?

ከሁለት ሳምንት በፊት ደብተር ያዙ። ሌሊት ስንቴ እንደተነሳች፣ መታጠቢያ ቤት ማን ደግፎ እንዳስገባት፣ መድኃኒቷን ስንቴ እንደረሳች ከነሰዓቱ ጻፉ። የሐኪሙን ወረቀት አዘጋጁ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ነው፣ መብታችሁም ነው። ልጅ ሲያስተረጉም እናት ታፍራለች፣ ልጅም ያለሰልሳል። በነፃ የምታደርጉትን ስትናገሩ እስከመቼ ማድረግ እንደምትችሉም ተናገሩ፤ ሥራ ከገባችሁ የሥራ ሰዓታችሁን አሳዩ።

እናታችሁን ደግሞ ከዋዜማው አነጋግሩ። እኔ ሁለተኛው ጊዜ ላይ «እንግዳ ሳይሆን ሐኪም በያት» ብያት ነው የሠራልኝ። ቡናውን እኔ አፈላሁ።